ስምንት ሰከንድ የተመደበለት ቂጣ

ፊልም ሠርቼ አላውቅም። አንድ ፊልም ግን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አቅጃለሁ፤ ፀሐይዋ በየት በኩል እንደምትሆን፣ ማን መቼ ዞር እንደሚል፣ እያንዳንዱ ነገር ስንት ሰከንድ እንደሚፈጅ ሁሉ ተጽፎ ነበር። ያ ፊልም አልተሠራም። ሳይሠራ የቀረበት ምክንያት ግን እስከ ዛሬ ከእኔ ጋር አለ። የሆነው በሦስት ቀን ውስጥ ነው፤ ቀስ ብዬ ልንገራችሁ።

ጊዜው የደርግ ዘመን ነው። ባሕር ዳር ውስጥ በአንድ ኮሌጅ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነበርሁ። ቤታችን ሹም አቦ ሰፈር ነው። አባቴ መሪጌታ ነበሩ፤ እኔም ዳዊት ደግሜ፣ ቅኔ ጀማምሬ፣ ከዚያ ወደ አስኳላው የተሻገርሁ ነኝ። ቀን በውይይት ክበብ ስለ ጭቁን ሕዝቦች ስናገር እውላለሁ፤ ማታ ደግሞ አባቴ ፊት ነጠላዬን አስተካክዬ እቆማለሁ። ሁለቱ እርስ በርስ ይጣሉ ይሆን ብዬ አንድ ቀን እንኳ አስቤ አላውቅም። ምላሴ በሁለቱም ቤት ስለተወደደልኝ ራሴን እንደ ትልቅ ሰው እቆጥር ነበር።

በዚያ ዓመት ኮሌጁ ከአንድ ወዳጅ የሶሻሊስት አገር የፊልም ካሜራ በስጦታ አገኘ። ካሜራው ድምፅ አይቀዳም። አብሮት የመጣው ፊልም ደግሞ አንድ ጥቅል ብቻ ነው፤ ቢቀረጽበት ሦስት ደቂቃ እንኳ አይሞላም። ኃላፊነቱ የተሰጠው ውጭ ተምረው ለተመለሱት ለመምህር ወርቁ ነው። ድምፃቸው ዝቅ ያለ፣ ነገር የማይደጋግሙ ሰው ነበሩ። የመጀመሪያውን ቀን ካሜራውን ከሣጥኑ ሳያወጡ፣ «ጥቅሉ አንድ ነው። ስለዚህ የምትሳሳቱት ሁሉ በወረቀት ላይ ይሁን» አሉን።

ፊልሙን እንድናቅድ የተመረጥነው እኔና ሰላማዊት ነን። ሰላማዊት አባቷ ለፋብሪካ ሥራ ተቀጥሮ ቤተ ሰቡን ከደሴ ያመጣ፣ ባሕር ዳር ከገባች ሁለት ዓመት ያልሞላት ልጅ ናት። ሥዕል ትችላለች፤ የእጅ ሰዓትም አላት። ለሥራችን ሁለቱም ያስፈልጉን ነበር። የኮሌጁ የባህል ኮሚቴ አርብ ጧት ተሰብስቦ ሐሳባችንን ይሰማል። ከወደደው ጥቅሉ የእኛ ነው። ካልወደደው በሚቀጥለው ሳምንት የላብ አደሮች ቀን ሰልፍ ይቀረጽበታል። ሰልፍ በየዓመቱ አለ። ፊልም የመሥራት ዕድል ግን ሁለተኛ የሚገጥመኝ አልመሰለኝም፤ እንደ ፈራሁትም ሁለተኛ አልገጠመኝም።

ረቡዕ ጧት ሐሳብ ይዘን መምህሩ ዘንድ ቀረብን። መጀመሪያ ያቀረብሁት መጠጥ ስለሚያበዛና በጓደኞቹ ምክር ስለሚመለስ ተማሪ ነበር። «ምክር አይታይም። ካሜራው ጆሮ የለውም» ብለው መለሱት። ሁለተኛው ስሙን መጻፍ ስለሚማር ሽማግሌ ነው። «እሱን ኮሚቴው ራሱ ከእናንተ በፊት አስቦታል» አሉ። ከሰዓት በኋላ ሌላ ይዘን እንድንመለስ ነግረውን ወደ ክፍል ገቡ።

ለምሳ ቤት ስገባ ሦስተኛውን ሐሳብ አጥራችን ላይ ተሰቅሎ አገኘሁት።

ከበሩ አጠገብ ባለው ቋሚ እንጨት ላይ በሽቦ የተንጠለጠለች አንዲት የቲማቲም ጣሳ ነበረች። ጣሳዋ የእንድሪስ ናት። እንድሪስ ዓባይ ከጣና ከሚወጣበት አጠገብ፣ ውሃው ዳር የሚኖር ዓሣ አጥማጅና ታንኳ ሠሪ ነው። ዓሣ ይዞ ሲመጣ እናቴ ትገዛዋለች። ውሃ ከጠየቀ ጣሳዋን ያወርዳል፤ እናቴ ከላይ ሳታስነካ ትቀዳለታለች፤ ጠጥቶ ራሱ መልሶ ይሰቅላታል። እንድሪስ ወይጦ ነው፤ የሐይቁ ዳር ነባር ሕዝብ ወገን፤ በሰፈራችን ደግሞ ከወይጦ ጋር በአንድ ዕቃ አይበላም፣ አይጠጣም። ጉማሬ ይበላሉ ይባላል። እንድሪስ ጉማሬ ሲበላ አየሁ ያለ ሰው አላጋጠመኝም፤ ጣሳዋ ግን ከእኔ በዕድሜ ሳትበልጥ አትቀርም።

እንግዲህ ጣሳዋን አይቼ ያዘንሁ እንዳይመስላችሁ። ጣሳዋን አይቼ የታየኝ ኮሚቴው ነው። የብሔረሰቦች እኩልነት። ከዚህ የተሻለ ምን አለ? ምሳዬን እንኳ በቅጡ ሳልጨርስ እየሮጥሁ ተመለስሁ።

ለመምህር ወርቁ እንዲህ ብዬ ነገርኋቸው። አንድ ተማሪ ለመሻገር ሐይቁ ዳር ቆሟል። የሞተር ጀልባዋ ጥላው ትሄዳለች። አንድ ባለታንኳ ይጠራዋል፤ ይሳፈራል። ውሃው መካከል ሲደርሱ ባለታንኳው ቂጣ አውጥቶ ይቆርስና ይሰጠዋል። ተማሪው ከእጁ ተቀብሎ ይበላል። ተያይተው ይሥቃሉ። ይሻገራሉ። አለቀ።

መምህሩ፣ «ይህ ይታያል» አሉ። ደስታዬን መደበቅ አልቻልሁም።

ያን ከሰዓት በኋላ ሰላማዊት የደብተር ሉኮች ላይ አሥራ ሁለት ካሬ ሣለች። በእያንዳንዱ ካሬ ውስጥ ካሜራው የሚያየው ነገር ይሣላል፤ ከሥሩ የሚፈጀው ሰከንድ ይጻፋል። ካሬ ስድስት ቂጣው ነው፦ ባለታንኳው ይቆርሳል፣ ተማሪው ተቀብሎ ይበላል፣ ስምንት ሰከንድ። መምህር ወርቁ ሁሉንም ካዩ በኋላ ጣታቸውን እሱ ላይ አሳረፉ።

«ይኸ ያንሳል» አሉ።

«አንድ ጉርሻ ለመዋጥ ይበቃል፣ መምህር።»

«ተማሪውን ማን ሊሆነው ነው?»

«እኔ» አልሁ። ይህን ስል ዓይኔን እንኳ አላሸሁም። በወረቀት ላይ ነዋ።

ሐሙስ ጧት ሦስታችንም ወደ ሐይቁ ወረድን። እንድሪስ አዲስ ሠርቶ እንዲደርቅ ዛፍ ላይ ያስደገፈውን የደንገል ቄጠማ ታንኳ ሲያገላብጥ አገኘነው። መምህር ወርቁ ባርኔጣቸውን አውልቀው ጎንበስ አሉና፣ «እንዴት አደሩ?» አሉት። እኔ ያን ሰው አንቱ ሲባል ሰምቼ አላውቅም። እናቴ አንተ ትለዋለች፤ እኔም ከልጅነቴ አንተ ነው የምለው። ያን ጊዜ ቀና ብዬ አየሁት። ጢሙ ሸብቷል። የአባቴ ታላቅ ሊሆን ይችላል።

መምህሩ ነገሩን አስረዱት፤ እሱም ሥራውን ትቶ ሰማ። ቂጣ እንደሚቆረስም ነገሩት። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ።

«ሥዕሉን ማን ያየዋል?»

«መጀመሪያ ተማሪዎች፣ ከዚያ በአዳራሽ የከተማው ሕዝብ።»

«ልጆቼስ?»

«እነሱም ያያሉ።»

ፊቱ በራ። ሁለት ሴት ልጆች አሉት፤ ዘይነባና ትንሿ እህቷ። ሁለቱም ደንገሉ ክምር ላይ ተቀምጠው የሰላማዊትን ወረቀቶች ያያሉ። ፈቀደ፤ መምህሩም ወደ ክፍላቸው ተመለሱ።

ልምምዱ እስከ እኩለ ቀን ሄደ። ሰላማዊት ዳር ቆማ ሰዓቷን እያየች ትጮኻለች፤ እኔ እሳፈራለሁ፣ እወርዳለሁ፣ እንደገና እሳፈራለሁ። የደንገል ታንኳ ውሃ ይመጥጣል፤ ሱሪዬ ከወገቤ በታች በሰበሰ። እንድሪስ ሳቀ እንጂ አልሰለቸም። እንዲያውም ከካሬ ሁለት ወደ ካሬ ሦስት ስንሻገር ነፋሱ ታንኳዋን እንደሚያዞራትና ፊቴ እንደሚሸፈን ነገረን፤ ቦታ ቀየርን፤ ልክ ነበር። ካሬ አምስትን ስንጨርስ ፊልሙ ዓይኔ ላይ ተሠርቶ አለቀ።

ካሬ ስድስትን ሰላማዊት ከቅርብ ልትሥለው ስለፈለገች ውሃው ላይ ሳይሆን ዳር ላይ እንድንለማመደው አለች። እንድሪስ፣ ሰዓቱም ምሳ ነው፣ በባዶ እጅ ከምናስመስል በእውነተኛው ይሁን አለ። ዘይነባ አገልግል ይዛ መጣች። የበቆሎ ቂጣ ነው፤ ገና ትኩስ። እንድሪስ ቆረሰና መጀመሪያ ለሰላማዊት ሰጣት። እሷ ምን ታውቃለች፤ ተቀብላ በላች። «ጨው ትንሽ ያንሰዋል» አለች። ልጆቹ ሳቁ፤ ዘይነባ እናታቸው ሁልጊዜ እንደምትረሳው ነገረቻት።

ከዚያ ወደ እኔ ዘረጋ።

እጄ አልሄደም። ልዋሻችሁ አልፈልግም፤ ልቤ መሄድ ፈልጎ እጄ እንቢ ያለ አይደለም። ሁለመናዬ ነው እንቢ ያለው። የእናቴ ፊት መጣብኝ። ቂጣው በሁለታችን መካከል ተዘርግቶ ቆየ፤ ሰላማዊት ሰዓቷን እያየች ነው።

«ጾም ነኝ» አልሁ።

እንድሪስ እጁን አልመለሰም። አልተቆጣምም። አየኝና እንዲህ አለኝ፦

«የመሪጌታ ልጅ፣ ፋሲካ ካለፈ ሦስት ሳምንት አልሆነም። ኀምሳ ነው። ረቡዕና አርቡ እንኳ አይጾም፤ ዛሬ ደግሞ ሐሙስ ነው። እኔ ዓሣ ሻጭ ነኝ፤ ጾማችሁን ከአባትህ እኩል ነው የምቆጥረው። ጾም ቢሆን ዓሣዬ እስካሁን እዚህ ይቀመጥ ነበር?»

በአገጩ አመለከተኝ። እርጥብ ሣር የተጣለበት የጧት ዓሣ ሳይሸጥ ተቀምጧል። የቤተ ክህነት ልጅ ነኝ፤ ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ባሉት ኀምሳ ቀናት እንደማይጾም ከፊደል ጋር የተማርሁት ነው። ምነው ታምሜያለሁ ባልሁ፣ ምነው በልቻለሁ ባልሁ። ከአፌ የወጣው ግን እሱ ነበር፤ በቤታችን ማንንም ሳያስቀይም ከማዕድ የሚያርቅ ቃል እሱ ስለሆነ።

እንድሪስ ቂጣውን አገልግሉ ክዳን ላይ አስቀምጦ ወደ ሰላማዊት ዞረ። ካሬ ስድስትን እንድታሳየው ጠየቃት። ወደ ዓይኑ አቅርቦ አየው።

«ይኸ የሚበላው እሱ ነው?»

«አዎ» አለች።

«ለምን ያህል ጊዜ ይበላል?»

«ስምንት ሰከንድ።»

«ስምንት ሰከንድ ስንት ጉርሻ ነው?»

ሰላማዊት አሰበችና፣ «አንድ» አለች።

«ታንኳዬን ውሰዱ» አለ ወደ እኔ ተመልሶ። «ቅዘፍ ካላችሁኝ ሦስት ቀን እቀዝፋለሁ። ይኸችን ግን አልሠራም።»

ለምን አልሁት፤ ያን ለማለት እንኳ አፍ ነበረኝ።

«ልጆቼ ያዩታላ። የመሪጌታ ልጅ ከአባታችን እጅ በላ ብለው ያምናሉ። ካመኑ በኋላ ገበያ ውለው ሲጠማቸው እናንተ ቤት ይገቡና ከማድጋው ሊቀዱ ነው። ያን ቀን እናትህ የምትላቸውን አንተ ታውቀዋለህ።»

አውቀው ነበር። ቃል በቃል።

ስንነሣ ቂጣውን በንጹሕ ጨርቅ ቋጥሮ እጄ ላይ አስቀመጠልኝ። ለልምምዳችሁ ትሆናለች አለኝ። ምጸት ይሁን ደግነት ዛሬም አልለየሁትም። ጨርቁን ይዤ ሄድሁ።

መንገድ ላይ ሰላማዊት ታምሜ እንደሆነ ጠየቀችኝ። እውነቱን ነገርኋት፤ ጣሳዋን፣ ጉማሬውን፣ ሁሉንም። መሐል መንገድ ላይ ቆመች።

«እንግዲያ እኔንም ዛሬ እናንተ ቤት ውሃ አታጠጡኝም?»

መልሴን ሳትጠብቅ ወረቀቶቿን ይዛ ወደ ቤቷ ታጠፈች።

ቂጣውን ቤት ማስገባት አልቻልሁም፤ መጣልም አልቻልሁም። አጥሩ ላይ፣ ከጣሳዋ አጠገብ አሰርሁት። እራት ላይ ያሰብሁት ስለ እንድሪስ ብቻ ነው ብል ይጋነናል፤ ስለ ጥቅሉ ነበር። ዝም ብል ኮሚቴው ሐሳቡን ይወደዋል፤ ለካሬ ስድስት ሌላ ሰው ይገኛል፤ ፊልሜ ይሠራል። ብናገር ጥቅሉ ይሄዳል። እንድሪስን ከኮሚቴው የሚያውቀው የለም። ለመዋሸት ይህን ያህል የተመቸ ነገር በሕይወቴ አልገጠመኝም። ከዚያ ዘይነባ ታየችኝ፤ ከአዳራሹ ወጥታ ወደ ቤታችን ስትመጣ፣ እናቴም ከማድጋው አጠገብ ስትነሣ። ሰከንዱን ሳይቀር መቁጠር እችል ነበር።

አርብ ጧት ጨርቁን ከአጥሩ ፈትቼ ሄድሁ።

ኮሚቴው አምስት ሰው ነው። ሊቀ መንበሩ እኛን በውይይት ክበብ የሚያስተምረን ጓድ ነበር፤ ጾም የገዢ መደቦች ሆድ ማስራቢያ እንደሆነ ከአንድ ሰዓት በላይ ያስረዳን እሱ ነው። ሰላማዊት ካሬዎቹን ጠረጴዛው ላይ በተርታ ደረደረችና አንድ በአንድ አስረዳች። ወደዱት። ሊቀ መንበሩ ካሬ ስድስትን ብድግ አድርጎ ይዞ፣ የፊልሙ ልብ ይህ ነው፣ ለበላይ አካል በሚላከው ሪፖርት ላይም ተለይቶ መጠቀስ አለበት አለ። መምህር ወርቁ ጥግ ተቀምጠው ወደ እኔ ያያሉ።

ተነሣሁና ነገርኋቸው። ባለታንኳው ካሬ ስድስትን እንደማይሠራ፣ እኔ ትናንት ከእጁ እንዳልበላሁ፣ ጾም ነኝ ብዬ እንደዋሸሁ፣ ስለ ልጆቹ ያለውን ሁሉ። ቂጣውንም ፈትቼ ካሬዎቹ መካከል አስቀመጥሁ። አድሮ ደርቋል፤ እንጨት መስሏል።

ሊቀ መንበሩ ለመፍትሔ ጊዜ አላጠፋም። ሌላ ሰው የባለታንኳ ልብስ ለብሶ ይሠራዋል አለ። ለበላተኛውም እኔ ካልሆንሁ ሌላ ተማሪ ሞልቷል።

ሰላማዊት ያን ጊዜ ነው የተናገረችው። ድምፅዋ የተለመደው ነበር፤ ሰከንድ ስትቆጥር ያለው።

«ጓድ ሊቀ መንበር፣ እርስዎ ቢሆኑስ? ሰዓት ልይዝልዎ እችላለሁ። ቂጣውም ይኸው አለ።» ወደ እሱ ገፋ አደረገችው።

ሊቀ መንበሩ ቂጣውን አየ። ከየት እንደመጣ ጠየቀ፤ ገና አሁን የነገርሁትን ማለት ነው። ከሰውየው ቤት ነው አልሁት። ወንበሩን በጣም ትንሽ፣ ምናልባት አንድ ስንዝር ወደ ኋላ ሳበ።

«ዛሬ አርብ አይደለም እንዴ?» አለ።

አጠገቡ ያለው የኮሚቴ አባል፣ «አርብ ነው» አለ። ሦስተኛውም ራሱን ነቀነቀ። ሁሉም አርብ በመሆኑ ተስማሙ።

መምህር ወርቁ ከጥጉ፣ ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ፣ «ጓዶች፣ ኀምሳ ነው» አሉ።

ማንም አልሳቀም፤ እኔም። ራሴን ነበር ያየሁት። ትናንት እንድሪስ ፊት የቆመው ሰው ዛሬ አምስት ሆኖ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጧል። አፍሬ ነበር፤ ከማፈሬ በላይ ግን ተናደድሁ። ንዴቱ በእነሱ ይሁን በእኔ አልለየውም። ቂጣውን አንሥቼ ቆርሼ ጎረስሁ።

አልወርድ አለኝ። አንድም ደርቋል፤ ደግሞም ሁለመናዬ እንደ ትናንቱ እንቢ አለ። አኘክሁ፣ አኘክሁ። አምስቱም አፌን ያያሉ። ዓይኔ እንባ እስኪያቀርር አኝኬ ዋጥሁት፤ ሁለተኛውንም ጎረስሁ። ስጨርስ ሰላማዊት ሰዓቷን አየችና ወረቀቱ ላይ ስምንትን ሰርዛ ሌላ ቁጥር ጻፈች። ሁለት ደቂቃ ከአሥር ሰከንድ። ጥቅሉን ሊጨርስ ምንም አልቀረውም።

ሊቀ መንበሩ ሐሳቡ ገና እንዳልበሰለ አስታወቀ። ጥቅሉ ለሰልፉ ሆነ። መምህር ወርቁ ከአዳራሹ ስንወጣ ትከሻዬን ነክተው፣ «ያንሳል ብዬህ ነበር» አሉኝና ወደ ክፍላቸው ሄዱ።

እኔ በቀጥታ ወደ ሐይቁ ወረድሁ። ፊልሜን ተነጥቄያለሁ፤ ግን ደረቴን ነፍቼ ነበር የምሄደው። ላበሥረው እኮ ነው። እንድሪስን ታንኳ ሲጠፍር አገኘሁት።

«በላሁት» አልሁ፤ ትንፋሼ ሳይመለስ።

«ምኑን?»

«ቂጣውን። ኮሚቴው ፊት። ሁሉንም ጨረስሁት።»

ገመዱን ሳበና አጠበቀ። ቀና አላለም።

«እሱማ ከነሱ ጋር ነው የበላኸው» አለኝ። «ከኔ ጋር መች በላህ?»

ደረቴ ሟሸሸ። መሄድ ግን አልቻልሁም። ቆሜ ስቀር የገመዱን ጫፍ ወረወረልኝና ያዝ አለኝ። ያዝሁ። እሱ ይጠፍራል፣ እኔ እስባለሁ። ብዙ ቆየን፤ ስለ ፊልሙም ስለ ቂጣውም አላነሣንም። እጄ በደንገሉ ተላጠ። ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ ዘይነባ ትሪ ይዛ መጣች፤ ቂጣና የተቀቀለ ዓሣ ነው። እንድሪስ እጁን ታጠበ፤ ከደንገሉ ክምር ላይ ትንሽ ጠጋ አለ። ና ብላ፣ ተቀመጥ አላለኝም። ቦታ ብቻ ለቀቀ።

እጄን ታጥቤ ተቀመጥሁ። «እንብላ፣ ጋሼ እንድሪስ» አልሁ፤ እንዲህ ብዬ ስጠራው የመጀመሪያዬ ነው። ፈርቼ ነበር። የመጀመሪያውን ጉርሻ ስውጥ አንድ ነገር የሚደርስብኝ መስሎኝ ነበር። ምንም አልደረሰም። ትንሿ ልጅ አፌ ላይ ዓይኗን ተክላ ቀረች፤ አባቷ ሰው ሲበላ እንዲህ አይታይም ብሎ ገሠጻት። ጨው በእርግጥ ያንሰዋል።

ቤት ገብቼ ለአባቴ ነገርሁ። ባይነገራቸው አያውቁም ነበር፤ ግን የዋሸሁት ይበቃኝ ነበር። መጽሐፋቸውን አጥፈው እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። የጠየቁኝ ግን ያልጠበቅሁትን ነው።

«በኀምሳ ጾም ነኝ አልህ?»

«አዎ፣ አባባ።»

«ከዚህ ቤት ወጥተህ?» አሉና ራሳቸውን ያዙ። ከመብላቴ ይልቅ ያንገበገባቸው እሱ ነው። ስለ መብላቱ ያሉት የንስሐ አባታችን መጥተው ጠበል እስኪረጩኝ ድረስ ለብቻ እንድሆን ብቻ ነው።

ውሃ ጠማኝ። ከጧት ጀምሮ አልጠጣሁም። እናቴ ተነሣች፤ ወደ ማድጋው ሄደችና ቆመች። ከዚያ ወጣች። ጣሳዋን ከአጥሩ ይዛ ተመለሰች፤ ደጋግማ አጠበቻት፤ ከላይ ሳታስነካ ቀዳችልኝ። እያለቀሰች ነበር። እጇን ግን አላቀረበችም።

ሁለት ሳምንት በዚያች ጣሳ ጠጣሁ። ጠርዟ ከንፈር ይቆርጣል፤ ውሃው የዝገት ጣዕም አለው። ይህን ያህል ዓመት አጥራችን ላይ ሳያት ጣዕም እንዳላት አላውቅም ነበር። ቤተ ሰቤ ይወደኛል፤ እንደሚወደኝም አውቃለሁ። ይህንንም እያወቅሁ እናቴ ከላይ በቀዳችልኝ ቁጥር አንገቴ ይደፋ ነበር። እንድሪስ ሳይወደድ ነው የጠጣባት።

አንባቢዎቼ፣ ከዚያ በኋላ ጻድቅ ሆንሁ አልላችሁም። ጠበል ተረጨሁ፤ ወደ ማዕዱ ተመለስሁ፤ የክበቡንም ወሬ ማውራት ቀጠልሁ። አንድ ነገር ግን ተሰበረብኝ፤ ያላደረግሁትን ነገር በወረቀት ላይ በቀላሉ መጻፍ አልቻልሁም። ኋላ አስተማሪ ሆንሁ። ዛሬ ልጆች በየስልካቸው ፊልም ይሠራሉ፤ ጥቅል አያልቅባቸውም። ሐሳባቸውን ይዘው ሲመጡ ስለ ፀሐዩም ስለ ነፋሱም የማውቀውን እነግራቸዋለሁ። በመጨረሻ ጣቴን አንዱ ቦታ ላይ አሳርፌ፣ «ይህን አንተ ራስህ አድርገኸው ታውቃለህ?» እላለሁ። አንዳንዱ ተቆጥቶ ይሄዳል። አንዳንዱ ዝም ይላል፤ ያን ጊዜ አጠገቤ እንዲቀመጥ ቦታ እለቅለታለሁ።

የሰላማዊት ካሬዎች አሁንም እኔ ዘንድ አሉ። አሥራ ሁለት ናቸው። አንዲት ልጨምርባቸው የምመኛት አለች።

ኀምሳው አልቆ የሐዋርያት ጾም ሲገባ እንድሪስ ዓሣ ይዞ መጣ። እናቴ ገዛችው። ውሃ ለመነ። ጣሳዋ ተመልሳ አጥሩ ላይ ተሰቅላለች። እሱ እጁን ወደ ሽቦው ሲሰድ እናቴ ቆይ አለችው። በሩ ላይ ቆሜ ነበር፤ አየችኝ። ገባችና በብርጭቆ ይዛ ወጣች።

እንድሪስ ጠጣ። ሲጨርስ እንደ ልማዱ ወደ አጥሩ ዞረ፤ ሽቦውን ፈለገ። ብርጭቆ አይሰቀልም። የት እንደሚያኖረው ግራ ገብቶት ይዞት ቆመ። እናቴም ቆመች። ከዚያ እጇን ዘርግታ ከእጁ ተቀበለችው።